የሁሪያ ባቄላና የጎረቤቷ አውራ ዶሮ

ሁሪያ ከወሎ መጥታ መቐለ ገበያ ባቄላ የምትሸጥ እስላም ናት፤ ሁዳዴ የሚገባበትን ቀን ግን ከቄሶቹ እኩል ታውቃለች። እንዴት አታውቅ! ሥጋና ወተት የተወ አገር ጉልበቱን የሚያገኘው ከእሷ ጆንያ ነው። ቆንጥራ የምትገዛ ሴት ካየች፣ «ይቺን ይዘሽ ነው ሁለት ወር ልትጾሚ? ልጆችሽን ጥለሽ ልትሞቺ ነው?» ብላ ትቆጣለች፤ ተቆጥታም አንድ እፍኝ ትጨምርላታለች።

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ዝናብ አጠረና ከአላጄ ደጋ በአህያ የሚወርደው ባቄላ ተመናመነ። የጎረቤቷ የአሮጊቷ የአደይ ምጽላል አውራ ዶሮ ጆንያዋን የለመደው ይኼኔ ነው። ሁሪያ ድንጋይ እየወረወረች፣ «ሰው ያጣውን ይሄ ሌባ ይጠግበዋል!» ስትል፣ አሮጊቷም «ዶሮ ምን ያውቃል?» ሲሉ፣ ጾሙ በጭቅጭቅ አለቀ።

ፋሲካ ለሁሪያ ክፉ ቀን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥ ወጥ ይሸታል፤ ባቄላ የሚጠይቃት የለም። የክርስቲያን እርድ ስለማይበሉ እሷና ባሏ ኢስሃቅ የተረፈውን ባቄላ ቀቅለው ይውላሉ።

በዚያ ፋሲካ ግን አደይ ምጽላል ያንኑ አውራ ዶሮ እግሩን አስረው፣ ታቅፈውት ደጃፏ ቆሙ። ሁሪያ እንደልማዷ ለጠብ አፏን ከፈተች።

«ዝም በይ፣ ጓለይ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ፣ ዶሮውን እያስታቀፏት። «ከነነፍሱ ነው ያመጣሁት፤ ኢስሃቅ ቢስሚላሂ ብሎ ይረደው። ባቄላሽን ነው የመለስኩልሽ።»