የወፍ በሽታ ቅጠል ፍለጋ ወደ አንኮበር

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ላምበረት

«ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ። አንድ ሰው ቀረው የተባለው መኪና ውስጥ ስገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ሻንጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። የሸኘኝ ሰው የለም። እናቴ ከሞተች ወዲህ «ስትደርሺ ደውዪ» የሚለኝ ሰው እንደሌለ ትዝ የሚለኝ መናኸሪያ ስገባ ነው። ሌላ ጊዜ ሥራው ያስረሳኛል።

ሥራዬ ፋርማሲ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ቆሜ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ» ስል ኖሬአለሁ። ዛሬ የምሄደው ግን ያለ መስታወትና ያለ ማዘዣ መድኃኒት ሲሰጡ ወደኖሩት አጎቴ ነው። ጋሼ ደምሴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የሚኖሩት አንኮበር፣ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ ነው። አገሩ የሚያውቃቸው በአንድ ነገር ነው። ለወፍ በሽታ፣ ማለትም ዐይንና ቆዳን ቢጫ ለሚያደርገው ሕመም፣ የሚሰጡት ቅጠል አለ። ከእሳቸው በቀር ቅጠሉን የሚያውቅ የለም። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል፤ ልጅም የላቸውም። ከዘመድ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለእኔ ካላሳዩኝ አብሯቸው ይቀበራል ማለት ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ ልጅ ሳለሁ በአጎቴ አፍር ነበር። ትምህርት ቤት «የሥር ማሽ ዘመድ» ይሉኛል፣ አለቅሳለሁ። ፋርማሲ ያጠናሁት ለዚህ ይሁን አይሁን አላውቅም። መድኃኒት የሚባለው ነገር ስም፣ ልክና የሚያበቃበት ቀን እንዲኖረው ግን በጣም እፈልግ ነበር።

ሁለት ሰዓት፣ ጫጫ

ብርዱ እዚህ ይጀምራል። በግራም በቀኝም የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ክምር፣ ውርጭ የመታው ሣር፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው። ሾፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ አቆመ። ሻይ በጦስኝ አዘዝኩ፤ ከዳቦ ጋር መጣልኝ። ሾፌሩ ጨዋታ ይወዳል።

«ለሥራ ነው እህቴ?»

«አይ፣ ዘመድ ልጠይቅ። አንኮበር።»

«ለቅሶ አለ?»

«የለም።»

«ሰርግ ነዋ!»

«ሰርግም የለም።»

ብርጭቆውን አስቀምጦ አየኝ። «እንዲያው በደህና ቀን? ሳይሞት ሳይዳር?» አለና ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቆጠቆጠኝ። ጋሼ ደምሴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በእናቴ ለቅሶ ነው። ከዚያ በፊት ያየኋቸው በማን ለቅሶ እንደነበር ለማስታወስ ብዙ ርቀት ሄድኩ።

አራት ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ለጉዞዬ ምክንያት የሆነችው ሲስተር ትዕግሥት እዚህ ነው የምትሠራው። ባለፈው ወር ደውላ «የጋሼ ደምሴ ዘመድ ነሽ አሉኝ፤ ያውም ፋርማሲስት። እባክሽ አግዥን» ያለችኝ እሷ ነች።

የወሰደችኝ በፊት ዕቃ ማከማቻ ወደነበረ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ መደርደሪያ ላይ በወረቀት የተጠቀለሉ የደረቁ ቅጠሎች። በየጥቅሉ ላይ ቅጠሉ የተለቀመበት ቦታና የሰጠው ሰው ስም ተጽፏል። የአካባቢው የባህል መድኃኒት አዋቂዎች እዚህ እየመጡ ከነርሶችና ከጤና መኮንኖች ጋር ይቀመጣሉ። ስለጋራ ሕመምተኞቻቸው ይነጋገራሉ። አዲስ አበባ በየስብሰባው «ሁለቱን ሕክምናዎች ማቀናጀት» ሲባል እሰማለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከሻይ ዕረፍት አያልፍም። እዚህ ግን አግዳሚ ወንበር ተገዝቶለታል።

«ድሮ እኛ አዋቂዎቹን እንሳደባለን፣ ሕመምተኛው ደግሞ የጠጣውን ይደብቀናል» አለች ሲስተር። «ጉበቱ የታመመ ሰው ምን እንደጠጣ ሳናውቅ ክኒን ስንሰጠው እንጨነቃለን። ቅጠሉ ያድናል አያድንም የሚለውን ወደፊት የሚያጠና ያጥናው። እኔ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልወቅ፣ ስንት ሲኒ እንደሚጠጣ ልወቅ።»

«አጎቴስ መጥተው ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን! ግን ከሁሉም የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። ሌላው አዋቂ ሕመምተኛውን የሚልክልን እጁ ላይ ሊሞትበት ሲል ነው። ጋሼ ደምሴ ግን ሳያውሉ ሳያሳድሩ ነው የሚልኩት። ‹ደምሴ ነው የላከኝ› እያለ ይመጣል ሰዉ። የምስክር ወረቀት ልንሰጣቸው አስበናል። ቅጠሉን ብቻ ያሳዩሽ።»

ኮራሁ። ያ ሁሉ ኃፍረቴ የት እንደገባ እንጃ፣ «አጎቴ እኮ ናቸው» እያልኩ ወጣሁ።

ስምንት ሰዓት፣ ጎረቤላ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች። ስሟ ዘይነባ ነው። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ጣቢያ የምትኖር፣ ድሮ በቆሎና ሰሊጥ አምራች የነበረች ገበሬ።

«ባለቤቴ ዐይኑ ቢጫ ሆነ» አለችኝ። «ሽንቱ እንደ ሻይ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው አሻፈረኝ አለ። ‹የወፍ በሽታ በመርፌ ይብሳል፣ ቅጠሉን አምጪልኝ› አለኝ። አንኮበር አንድ ሽማግሌ አሉ ሲሉኝ ይኸው መጣሁ። ኢንሻአላህ አያሳፍሩኝም።»

ወዴት እንደምትሄድ ገባኝ። የምታንኳኳው የአጎቴን ደጅ እንደሆነ ስነግራት እጄን ያዘችና እስክንወርድ አልለቀቀችም። ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል። ገደሉ በየት በኩል እንዳለ የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ አጎቴ ቤት

ጋሼ ደምሴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ገና ከበሩ «ጋሼ» ስላቸው «አንቺ ነሽ? ድምፅሽ ከስቷል» አሉኝ። መክሳትን በድምፅ የሚያውቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው ብዬ ሳቅሁ። አቀፉኝ፤ በርኖሳቸው ጢስ ጢስ ይላል። ቤቱ ውስጥ አንድ መደብ፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ሳህን አለ። ለእኔና ለዘይነባ ከጎረቤት ሳህን ተለመነልን።

ዘይነባ ጉዳይዋን ነገረቻቸው። ከዚያ እኔ የእኔን ነገርኳቸው። ስለ ሲስተር ትዕግሥት፣ ስለ መደርደሪያው፣ ቅጠሉን እንዲያሳዩኝ እንደምለምናቸው።

«ነገ ረቡዕ ነው» አሉ። «ቀኑ ነው። እሺ፣ አብረን እንወጣለን። ሥርዓቱን ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። አዋቂ ለቅጠል ሲወጣ ጎህ ሳይቀድ ነው፣ አፉን ሳያሟሽ። ቅጠሉ እስኪቆረጥ ድረስ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ አብሮት የሄደውም አይናገርም። ከተናገረ የዚያ ቀን ቅጠል መድኃኒት አይሆንም። ፋርማሲስቷ አንባቢዬ፣ አትሳቂ። እኛም እኮ ከፍሪጅ የወጣ ክትባት ተበላሸ እንላለን።

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

ከቤት ወጣን። እሳቸው በበትራቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መንገዱን እግራቸው ያውቀዋል፤ እኔ ሦስት ጊዜ ስደናቀፍ እሳቸው አንዴም አልተደናቀፉም። ጥድ፣ አስታ፣ ጅብራ፣ ከሥር የቆላው አገር በጉም ተሞልቶ። እናቴ እንኳ ያላየችውን ላይ ነው።

ከታች ጨው የጫኑ አህዮች ብቅ አሉ። ከኋላቸው አንድ የቆላ ነጋዴ። የአገሩ ሰው ቢሆን ጋሼን በዚህ ሰዓት ሲያይ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ይኼ ግን አያውቃቸውም፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እንዴት አደራችሁ?» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርክ?» አልኩት።

ወዲያው አፌን ያዝኩ። ሰው እንዴት አደራችሁ ብሎ ዝም ሲባል የት አይቼ አውቃለሁ! ከጡት ጋር የተጋትኩት ነገር ነው፣ አመለጠኝ። ጋሼ ደምሴ ቆሙ። ነጋዴው እስኪያልፍ ጠበቁና «ተናገርሽ» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። «በቃ፣ እንመለስ።» ዞረው ቁልቁል ጀመሩ።

ቤት ስንደርስ ዘይነባ ጠርሙሷን አጥባ ደጅ ቆማለች። ባዶ እጃችንን አይታ ተቀመጠች፤ አለቀሰች። የዚያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሼ ግን ቆጣ ባለ ድምፅ አሏት፤ «ስሚ ልጄ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይግባ። ‹ደምሴ ነው የላከኝ› በይ። መርፌ ቢወጉት ይወጉት፣ እኔ ነኝ ያልኩት።» እየተነፋረቀች ሄደች። መንገድ ድረስ ሸኘኋት።

ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት

ከሸኘሁበት ስመለስ አጎቴ ከቤቱ ጀርባ ናቸው። የጓሮው አጥር ላይ ጎንበስ ብለው ጤና አዳም ሊቆርጡልኝ በእጃቸው ይዳብሳሉ። እጃቸው ጤና አዳሙን አልፎ ሄደ። ከዚያ አጠገቡ የበቀለውን ሳማ ሙሉውን ጨበጡት።

«እፍፍ!» አሉ፣ እጃቸውን አርገፈገፉ።

ሳማን ልጅ እንኳ ያውቃል። ቅጠል ሲለይ ዕድሜውን ሙሉ የኖረ ሰው ሳማ ጨበጠ። ጠጋ ብዬ ዐይናቸውን አየሁ። ሁለቱም ብሌኖች ላይ ነጭ ነገር ተጋርዷል።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሊክዱኝ አሰቡ፣ ተዉት። «ሁለተኛ ክረምቴ ነው።»

«ታዲያ የሚመጣውን ሰው?»

«ምክንያት አላጣም። ቀኑ አይደለም እላለሁ። መንገድ ላይ ተናገርክ እላለሁ። ልጅት፣ ያልለየሁትን ቅጠል ለሰው አላጠጣም! ሐኪም ቤት ሂዱ እላቸዋለሁ። ዛሬ አንቺ ባትናገሪም ሌላ ነገር እፈልግ ነበር።»

«ለምን ለሰው አልነገሩም?»

«ብነግር ማን ይመጣል?» አሉ። «ሰው እኔ ቤት የሚመጣው ሲታመም ነው። ደምሴ ዐይኑ ጠፋ ከተባለ ይኼ ደጅ ሰው አይረግጠውም። አሁን ቢያንስ እያንኳኩ ይገባሉ፤ ወደ ሐኪም ቤት ልልካቸውም ቢሆን አወራቸዋለሁ።»

የሾፌሩ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሞራ መሆኑን፣ ቀላል ቀዶ ጥገና እንደሆነ፣ ሐኪም አይቶት ከተገፈፈ ማየት እንደሚችሉ ነገርኳቸው። ካላዩ ቅጠሉን መቼም እንደማላውቀውም ነገርኳቸው። «አዋቂው ሐኪም ቤት ገባ ሊባል?» አሉኝ። «ያን ሁሉ ሰው የላኩት እርስዎ አይደሉ?» አልኳቸው። ሳማ የነካውን እጃቸውን እያሻሹ ወደ ቤት ገቡ። ተቆጥቼ ነበር፤ በእሳቸው ሳይሆን በራሴ፤ እሱንም አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ ደብረ ብርሃን

ጠዋት ስነቃ ጫማቸውን አድርገው፣ ንጹህ ጋቢ ለብሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። «እንሂዳ» አሉ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት በኩል ተቀመጡ፤ ያየሁትን ሁሉ እየነገርኳቸው መጣን።

ጤና ጣቢያው ግቢ ዘይነባ ከሩቅ አየችን፤ ሮጣ መጥታ ትከሻቸውን ሳመች። ባለቤቷ የእሳቸውን ስም ሲሰማ እሺ ብሎ ትናንት ማታ ገብቷል፤ ደሙ ተወስዶ ውጤት እየጠበቁ ነው። ሲስተር ትዕግሥት ጋሼ የመጡት ለቅጠሉ መስሏት ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ቅጠሎቹ ወዳሉበት ክፍል አስገብታን የራሷን ወንበር አመጣችላቸው።

«ለዐይናቸው ነው» አልኳት ቀስ ብዬ።

ፊታቸውን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች፣ ሁሉም ነገር ገባት መሰለኝ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ክምር አዲስ ካርድ አነሳች። ስም ጠየቀች፣ ዕድሜ ጠየቀች። ከዚያ እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉንም እንደምትጠይቀው ጠየቀቻቸው።

«ለዐይንዎ ከዚህ በፊት አዋቂ ጋ ሄደው ያውቃሉ? የሰጠዎት ነገር አለ?»

ጋሼ ደምሴ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም።

«እኔን ማን ይሰጠኛል ልጄ?» አሉ። «ሁሉም እኔ ጋ ነው የሚመጣው።»

ሲስተር ትዕግሥት «የለም» ብላ ጻፈች። እኔ እጃቸውን ያዝኩ፤ እሳቸውም አልነጠቁኝም።