የሌሎቹ እንዴት ሰፋ?

ከእኔ አልጋ ቀጥሎ የተኛችው ነፍሰ ጡር ሴት ልብስ ሰፊ ነበረች። ጣቶቿ ስላበጡ ቀለበቷን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ነርሷ የደም ግፊቷን ልትለካ ስትመጣ ክንዷን ቀድማ ትዘረጋለች፤ ቁጥሩን ግን ጠይቃ አታውቅም። ከዚህ በፊት በዚሁ የእርግዝና ደም ግፊት ሁለት ልጆች ሆዷ ውስጥ ሞተውባታል። አማቷ ሊጠይቋት በመጡ ቁጥር «ንዴትሽ ነው የሚጨርሳቸው» ይሏታል። እሷም አንገቷን ትደፋለች።

በስድስተኛ ወሯ መግቢያ ላይ ሐኪሙ እርግዝናው ካልተቋረጠ እሷም እንደማትተርፍ ነገራት።

«ዶክተር፣ በንዴቴ ነው?»

«አይደለም እህቴ። እንግዴ ልጁ ማህፀንሽ ላይ ሲተከል መስፋት የነበረባቸው የደም ስሮች ጠበው ቀሩ። በቂ ደም ስለማያገኝ ከእሱ የሚወጣው ነገር ያንቺንም ደም ስሮች ይጎዳል። ግፊትሽ የሚጨምረው በዚያ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

«እባክዎ፣ ይህንን ለአማቴ ይንገሩልኝ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ አማቷ መጡ። ሐኪሙም አንድ በአንድ አስረዳቸው። አሮጊቷ አዳምጠው ሲያበቁ «ታዲያ የሌሎቹ ሴቶች እንዴት ሰፋ?» አሉት።

«እሱን በደንብ አናውቀውም፣ እናቴ» አለ ሐኪሙ።

አማቷ ወደ እሷ ዞረው አዩዋት። እሷም እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች።