የጦር ሰፈሩ ቢጫ አውቶቡስ

ባለፈው ሰኔ ከልጄ ጋር እዚህ ስዊድን፣ ቮርቢ ጎርድ ከሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ስንወጣ፣ ለልደት ይሁን ለምርቃት እንጃ ሰዎች የተከራዩት አንድ አሮጌ ቢጫ የአሜሪካ ተማሪ ማመላለሻ አውቶቡስ ሞተሩን እንዳስነሳ ቆሞ ነበር። የናፍጣው ጭስና ፀሐይ ያጋላቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ልጄ በስዊድንኛ «እማዬ፣ አውቶቡስ አይተሽ አታውቂም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ያደግኩት ጀርመን አገር፣ ዳገቷ ላይ የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ባለባት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። አባባ አገር ቤት ሳሉ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ይነዱ ነበርና፣ በሱዳን በኩል ተሰደን እዚያ ስንደርስ የወታደሮቹን ልጆች የሚያመላልሰውን አውቶቡስ ተቀጥረው ያዙ። ከተማዋ በአሜሪካኖቹ እየኖረች በአሜሪካኖቹ ታማርር ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪውም ፀጉር አስተካካዩም የሚያድሩት በእነሱ ሆኖ ሳለ፣ ታንኮቹ ለልምምድ በወጡ ቁጥር የቤታችን ብርጭቆዎች ቁም ሣጥን ውስጥ ይንጫጩ ነበር። በምሬት ከሁሉም የባሱት ሄር ሊንደር፣ በእኛ አቶ ሊንደር፣ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ታንክ የፖም ዛፎቻቸውን ከጨፈለቀባቸው ወዲህ አሜሪካዊ ደጃቸውን እንዳይረግጥ ምለዋል ይባል ነበር።

አንድ የብርድ ቀን የእኔ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር፣ ከአባባ ኋላ ባለችው ወንበር ተቀምጬ ልጆቹን ወደየቤታቸው ስንመልስ በረዶው ድንገት ወረደ። ጫካው ውስጥ ዳገቱን ስንጀምር አውቶቡሱ ወደ ኋላ መንሸራተት ያዘ። አባባ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቼ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ስጠይቃቸው እየተሳደቡ እንደነበር ነገሩኝ። ፍሬኑን ሳይረግጡ፣ በማርሽ ብቻ እየያዙ፣ ቀስ አድርገው መንገዱ ዳር ካለ የአፈር ክምር ላይ አስደገፉት። ሞተሩ ጠፋ፤ ሊያስነሱት ቢሞክሩም እንቢ አለ። በአካባቢው የነበረው ቤት የሄር ሊንደር ብቻ ነው።

አባባ ትልልቆቹን ልጆች ፊትና ኋላ፣ ትንንሾቹን መሃል አሰልፈው፣ የሁሉ ታናሽ የሆነችውን ሕፃን በገዛ ካፖርታቸው አዝለው መሩን። ነጭ የአሜሪካ ልጅ በአበሻ ጀርባ ታዝላ ስትሄድ እኔ ቀንቼ ነበር።

ሽማግሌው በሩን ከፍተው ሰልፉን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«አሜሪካኖችን አላስገባም» አሉ።

አባባ በተሰባበረ ጀርመንኛቸው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ «እኔን አያስገቡኝ፤ ውጭ እቆማለሁ። ልጆቹን ግን ብርዱ ይገድላቸዋል» ብለው ያዘሏትን ሕፃን አውርደው አስታቀፏቸው።

ሽማግሌው ሕፃኗን እንደያዙ በሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ለአባባ «አንተም ግባ፤ ቤቱ ይቀዘቅዛል» አሉ። ወተት አፈሉ፣ ያላቸውን ብርድ ልብስ ሁሉ አወጡ፤ ልጆቹን ፍለጋ የወጡት የወታደር መኪናዎች ሲመጡ ሕፃኗ ምድጃው አጠገብ ደረታቸው ላይ ተኝታ ነበር። ወላጆቹ ቤቱን ሞልተው ሲያለቅሱ፣ ለካ ወታደርም ያለቅሳል ብዬ ገረመኝ።

ጦር ሰፈሩ በሚዘጋበት ዓመት ባንዲራው ሲወርድ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ነበር። አዛዡ አባባን ከፊት እንዲቆሙ ጠየቋቸው። አባባ ግን አውቶቡሱን አስነስተው የጫካውን ዳገት ወጡና ሄር ሊንደርን በእሁድ ልብሳቸው ይዘዋቸው መጡ። የጦር ሰፈሩን አጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፉት ሽማግሌ ከአባባ ጎን ሲቆሙ ጭብጨባው ተነሣ። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ አጠገቤ ያለውን ሁሉ «አባቴ ናቸው፣ አባቴ ናቸው» እያልኩ ነበር።

አባባ ከዚያ በኋላ እዚህ ስዊድን፣ ሜርስታ በምትባል ከተማ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞችን ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ወጡ፣ አረፉም። በዚያች ከተማ ወታደሮቹ የኖሩበት ሕንፃ አሁን ማንም የሚከራየው አፓርታማ ሆኗል፤ የሄር ሊንደርም ቤት የለም። ሄጄ ስጠይቅ፣ ደጅ ላይ ያገኘኋት ወጣት በትህትና «አሜሪካኖች እዚህ ነበሩ እንዴ?» አለችኝ። የአባባን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው አላገኘሁም። ለወጣቷ ስማቸውን ደጋግሜ ነገርኳት፤ አስተካክላ እስክትጠራውም ድረስ አልለቀቅኳትም።