አልመጣም ያልኩት ክዳን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባሌም፣ ለልጄ ለሃያትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ደቡብ አፍሪካ፣ ክሊፕታውን ውስጥ ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች እሸጣለሁ። ሚስ ሄለን ደንበኛዬ ነበረች። ድሮ ዴንማርክና ስዊድን ውስጥ በእጅ የተሠሩ የሸክላ ዕቃዎችን ትሰበስብ ነበር። ዕቃውን ገልብጬ ከሥሩ የሠሪውን ምልክት እንዳይ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሱቄ ገበያ ባጣ ጊዜ እየገዛች ያቆመችኝም እሷ ናት። አልክድም፤ ውለታዋ አለብኝ።

አንድ ቀን ሃያት ዕቃ ልታደርስላት ቤቷ ሄደች። ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ጠፋች ተባለ። ሚስ ሄለን በእንግዶቿ ፊት ልጄን ቦርሳዋን አስገለበጠቻት። ደብተሯ፣ የምትሰግድበት ሻርፕ፣ ሴት ልጅ ከሰው ዓይን የምትሰውረው ሁሉ ወለል ላይ ተዘረገፈ። ሳህኗ በኋላ ከሚስ ሄለን መኪና ወንበር ሥር ወጣች። ሱቄ መጥታ፣ "ተገኘች እኮ" ብላ ሳቀች። ይቅርታ አላለችም። ሃያት ከዚያ ወዲህ ሱቄን አልረገጠችም።

ሚስ ሄለን ምልክቱን ለእኔም ለሃያትም ያሳየችን፣ ክዳን የሌለው ቡናማ ማሰሮ ነበራት። ክዳኑን ዕድሜዋን ሙሉ ፈልጋዋለች። ከዓመታት በኋላ በጅምላ ከገዛሁት ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። ገለበጥኩት፤ ያው ምልክት ነው። ሱቅ ውስጥ ለሰላት የምታጠብበትን የውዱእ ውሃ የምይዝበትን ጆግ ከደንኩበት።

ሚስ ሄለን ዓይኗ ደክሞ፣ በሰው ተደግፋ ሱቄ መጣች።

"ክዳኔ አልመጣም?"

"አልመጣም" አልኳት።

ክዳኑ ጆጉ ላይ እንደተከደነ በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጇን ብትዘረጋ ትነካው ነበር። ደስ አለኝ። እኔ፣ አላህን እፈራለሁ የምለው፣ ደስ አለኝ። ሌላ ጊዜም ጠየቀችኝ፤ አልመጣም አልኩ። ከዚያ ሞተች።

ዕቃው የኔ ነው፤ ገዝቼዋለሁ። ውሸቱስ የማን ነው? ያንን ክዳን እያነሳሁ ታጥቤ የሰገድኩት ሰላትስ?

በቅርቡ ጆጉን ቤት አመጣሁት። ሃያት ክዳኑን አንስታ ገለበጠችና ምልክቱን አየች።

"ኡሚ፣ ይሄ የዚያች ሴትዮ ማሰሮ ክዳን አይደል?"

አይደለም አልኳት። ለእሷ ብዬ ያደረግኩትን ለእሷ መንገር ለምን አቃተኝ?

የሚስ ሄለን ሐቅ፣ አላህ ፊት የምጠየቅበት ዕዳዋ፣ እኔ ላይ አለ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እንዳልላት የለችም። የልጄ ሐቅ ደግሞ እሷ ላይ ነው፤ እሱን እኔ አውፍ አላልኩም፤ ዛሬም አልልም። አላህ ፊት ስንቆም ክዳኑን በእጇ አስቀምጥላታለሁ። እሷም ጎንበስ ትበልና የልጄን ዕቃ አንድ በአንድ ከወለሉ ላይ ትልቀም።