ለድሬሰሩ የነገርኩት ስም

ባለፈው ሮቤ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ አስተናጋጇን የፈላ ውሃ እጇን አቃጠላትና የጥርስ ሳሙና ቀባችበት። ሽታው ልጅነቴን አስታወሰኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ ቀበሌ ስብሰባ ስትሄድ ታናሽ እህቴን ጫልቱን እንድጠብቅ አዘዘችኝ። እኔ ደጅ ስጫወት ጫልቱ ምድጃ ላይ የነበረውን የፈላ ውሃ ደረቷ ላይ ደፋችው። ደንግጬ የአባቴን የጥርስ ሳሙና ጨምቄ ቀባኋት።

እናቴ ተመልሳ ጎባ ሐኪም ቤት ወሰደችን። ቁስል የሚያክሙት ሽማግሌው ድሬሰር ሳሙናውን በውሃ እያራሱ ሲያነሱት ቆዳዋም አብሮ ተላጠ።

"ይህን ማን ቀባት?" አሉ። "ለቃጠሎ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ይሄማ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"አዴ ዘይነባ ናቸው" አልኩ። ጎረቤታችን ነበሩ፤ ለሰፈሩ ሕመም ሁሉ መድኃኒት ያውቃሉ ይባል ነበር።

ወደ ቤት እንደተመለስን አዴ ዘይነባ ለጫልቱ ወተት ይዘው መጡ። እናቴ ከበር መለሰቻቸው። ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ፣ ወተታቸውን እንደያዙ ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው።

ከሞቱ ቆይተዋል። እናቴ ግን ዛሬም የጫልቱን ጠባሳ ባየች ቁጥር ስማቸውን በክፉ ታነሳለች፤ እኔም እውነቱን እስካሁን አልነገርኳትም።