የስምንት እግሩ ሳፋ ጎማዎች

ጎሚስታ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ከእጄ የሚወጣ ጎማ በብረት ሲመታ መጮኽ አለበት። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ተመልሶ ይሞላል፤ ጥርት አድርጎ ከጮኸ መንገዱን ይሂድ። ጅቡቲ የመጣሁት የአሰብ ጭነት ሁሉ ወደዚህ በዞረበት ሰሞን፣ በከባድ መኪና ረዳትነት ነው። ወደቡ በእኛ አገር መኪና ተጨናንቆ ሾፌሩ ሁሉ ተራ ይጠብቃል፤ የሚሠራው ሲያጣ ደግሞ መዶሻውን ይዞ በመኪናው ዙሪያ እየዞረ ጎማ ያንኳኳል። እኔ ከዚያ ወረፋ ላይ ቀረሁ። ኮምፕሬሰር ካለው አንድ ሰው ተጠግቼ ሥራውን ለመድኩና በኋላ እዚያው መኪና ማቆሚያው አጠገብ የራሴን የቆርቆሮ ቤት ከፈትኩ። የንፋስ መለኪያ ነበረኝ፣ የሰቀልኩት ግን ለጌጥ ነው። ጆሮዬ መች አነሰኝ!

ጥቂት ዓመት እንደሠራሁ ፍቅር ያዘኝ። ሀራሙስ በሚባል የባሕር ዳር ሰፈር በአንድ ቪላ ተቀጥራ እዚያው የምታድር ልጅ ነበረች። ወደ የመን ልትሻገር መጥታ፣ ጀልባዋን በዓይኗ ስታይ «ይቺን? እኔ?» ብላ ከባሕሩ ዳር የተመለሰች ናት። ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷ አንድ ሙሉ ወረፋ ሾፌር ዝም ያሰኛል። እመቤቷ የምትለቃት በሳምንት አንድ ቀን፣ አርብ፣ ከረፋድ እስከ መግሪብ አዛን ብቻ ነው።

አርብ ደግሞ ጾም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቲየ ዱ በሚባል ሰፈር ባለች አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠን አብረን የበላነው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ብቻ ነበር። በዓለ ሃምሳስ የት ሄደ ትሉኝ ይሆናል። የእመቤቷ ዘመዶች ከፈረንሳይ የሚመጡት በዚያው ሰሞን እየሆነ፣ አርቧም ትቀርባት ነበር። «አንተ የጾም ባሌ ነህ፤ ፍስክ ላይ ምን እንደምትመስል እግዜር ይወቅ» ትለኛለች። እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም። በሳምንት ስድስት ቀን የማላያትን ሰው እንዴት አድርጌ ላግባ?

ከቪላዋ ቀጥሎ ያለው ግቢ የአንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ነበር። ሁላችንም ሙሴ እንለዋለን። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ «ጎማ የሚያውቅ ሰው ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠይቋት ኖሮ፣ የእኔን ቤት ነገረችው። ገና አልፎ ዓቢይ ጾም ሳይገባ፣ አየሩ ትንሽ ቀዝቀዝ ባለበት ወቅት ነው። ሰኞ ጠዋት ሙሴ በፒክአፕ ላይ አንድ ጉድ ጭኖ ከፊቴ ቆመ።

ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ አስቡ። ከሥሩ በግራ አራት፣ በቀኝ አራት፣ ስምንት አጫጭር ወፋፍራም ጎማዎች አሉት። መሪ የለውም፤ በሁለት እጀታ ነው የሚታዘዘው። በየብስ ይሄዳል፣ በጭቃ ይሄዳል፣ ውሃ ሲያገኝ ይንሳፈፍና ጎማዎቹ እንደ መቅዘፊያ እየዞሩ ይገፉታል። ሾፌሮቹ ከበቡትና «ደግሞ የልብስ ማጠቢያ መንዳት ተጀመረ?» ብለው ተንከተከቱ። ሳፋ የሚለው ስም የወጣለት ያን ጊዜ ነው።

ሙሴ ሐሳቡን አስረዳኝ። ባሕሩ ሲሸሽ ሀራሙስ ዳር ጭቃ ይቀራል። ከጭቃው ማዶ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ዛፎች አሉ፣ ቅልጥማቸው ረጃጅም የሆኑ ወፎችም ያርፉባቸዋል። ሰው እያሳፈረ በጭቃው ወስዶ ወፍ ሊያሳይ፣ ባሕሩ ሲመለስም እየተንሳፈፈ ሊመልሳቸው ነው። ሁለት ዓይነት ጎማ ይዟል። አንዱ ከሳፋው ጋር ከፋብሪካው የመጣ፣ ጥርሱ ትንንሽና የተጠጋጋ። ሌላው ያስመጣው፣ ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ፣ የትራክተር ልጅ የሚመስል። ሁለቱን በጭቃ አወዳድሮ ሊመርጥ ይፈልጋል።

«የሚነዳውና የሚጠግነው ሰው እቀጥራለሁ» አለኝ። «ግቢዬ በር አጠገብ ማደሪያ ክፍል አለችው። ጭቃውን አቋርጦ የሚመለስ ጎማ ካገኘን ሥራው ያንተ ነው። ካላገኘን ሳፋውን እሸጠዋለሁ፤ እኔም ደክሞኛል።»

ያቺን ክፍል አውቃታለሁ። የጓሮዋ ግድግዳ ልጅቷ ከምትሠራበት ወጥ ቤት ጓሮ ጋር አንድ ነው።

ሙሴ ከኪሱ የእጅ ሰዓት የምታክል መለኪያ አውጥቶ ሰጠኝ። «የአንተ ትልቁ መለኪያ ይህን ያህል ትንሽ ንፋስ አያነብም። ጎማው በአውራ ጣትህ ስትጫነው እሺ ይበልህ። ዱስማ፣ ቀስ አድርገህ!» አለኝ። እሺ አልኩና መለኪያዋን መሳቢያ ውስጥ ጣልኳት። እንዳለው ጥቂት ንፋስ ብቻ ሞላሁ። ይህን ጊዜ አንድ ሾፌር በመዶሻው ጫፍ አንዱን ጎማ ነካ አደረገና «ይሄማ ሞቷል! እንዲህ አድርገህ ነው የምትሸኘው?» አለኝ በሰው ፊት። ደሜ ፈላ። ሙሴን ሻይ ጠጣ ብዬ ልኬ አሥራ ስድስቱንም እስኪጮኹ ድረስ ሞላኋቸው። ሽማግሌው ስለ ጎማ ምን ያውቃል? አመል ያወጣል ከመሃል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ስለ እኔ ግን አልመሰለኝም።

ማክሰኞ በፋብሪካው ጎማዎች ጭቃው ውስጥ ገባን። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ ሳፋው እስከ ሆዱ ሰመጠ። ዓሣ አጥማጆች በገመድ ጎትተው አወጡን፤ ሲጎትቱ በሶማሊኛም በአፋርኛም ሳቁብን። ሐሙስ ትልልቅ ጥርስ ያላቸውን አስረን ተመለስን። እነዚህ ደግሞ ባሱ፤ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ሙሴ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሳፋውን አየው። «በቃ» አለ። «እሑድ የሚገዛው ሰው ይመጣል።» በዚያ ጊዜ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ የባሕር ጭቃ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ ተለቅልቄ፣ የማስበው ያቺን ግድግዳ ብቻ ነበር።

አርብ እንደ ልማዳችን ተገናኘን። ተጋቢኖው እየተንተከተከ ቀረበ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ረገምኩላት፤ የመጀመሪያዎቹን ድዳም፣ ሁለተኛዎቹን ጅቦች አልኳቸው። እሷ ማንኪያ አስመጣችና የማንኪያውን ጠርዝ ወፍራሙ ሽሮ ላይ አቆመችው፤ ሰመጠ። ከዚያ ገልብጣ በጀርባው አስተኛችው፤ ላይ ላዩን ቀረ።

«እኔ የዋልካ አገር ልጅ ነኝ» አለች። «ክረምት ጭቃ ላይ ሰውነቱን ያደነደነ ይሰምጣል። ለመሆኑ ሙሴ ምን ያህል ሙላ አለህ?»

ጎመን ላይ አተኮርኩ።

«እየኝ እስቲ።»

አላየኋትም።

«ሞላኸው አይደል? እንዳንተው ነፍተህ ሞላኸው!»

ሳቋ ምግብ ቤቱን አናጋው። እኔ ግን ፊቴ ተቃጠለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሙሴ መቼም እንደማያውቅ፣ ሳፋው ቢሸጥ ማንም እኔን እንደማይወቅስ ነገርኳት። ሳቋን አቆመች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች። «እኔ ደግሞ ሦስተኛ ዓመት ሙሉ ሽሮ አልበላም። ተነሥ።»

በቤቴ በኩል አልፈን መለኪያዋን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ከዚያ በሚኒባስ ሀራሙስ ደረስን። ሙሴ በረንዳው ላይ ነበር። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ፣ ጎማዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው፣ እሱን ሻይ ልኬ የነፋኋቸው እኔ መሆኔን ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ወደ ቤት ገባ። ጠመንጃ ይዞ የሚወጣ መሰለኝ። ቦት ጫማውን አድርጎ ወጣ።

«ባሕሩ አሁን ሽሽት ላይ ነው» አለ። «አስተንፍስ!»

ስምንቱን ጎማ ተንበርክኬ አስተነፈስኩ። ለጎሚስታ የገዛ ሥራውን ማስተንፈስ ቀላል አይደለም፤ እያንዳንዱ እሽሽ ሲል አንጀቴን ይቆርጠኛል። ቀስ እያልኩ በትንሿ መለኪያ አየሁ፣ በአውራ ጣቴ ጫንኩ፤ ጎማው እሺ አለኝ። ሙሴ «እኔ አርጅቻለሁ፤ ክብደት እንድትሆን እሷ ከኋላ ትቀመጥ» አለ። ነጠላዋን አጣጥፋ ወገቧ ላይ አሰረችና ወጣች።

ሳፋው ጭቃው ላይ ሆዱን ነካ አድርጎ ቀና አለ፤ ከዚያ ሄደ! ተልፈስፍሰው የተኙት ጎማዎች ጭቃውን እያቀፉ፣ ረጃጅሞቹ ጥርሶች እየወረወሩት፣ ማክሰኞ የሰመጥንበትን አለፍን፤ ሐሙስ የቆፈርነውን ጉድጓድም አለፍን። ዓሣ አጥማጆቹ ገመዳቸውን እንደያዙ ቀሩ። የምትጮኸው እሷ ነበረች፤ ነጠላዋ፣ ጥርሷ ሁሉ ጭቃ ሆኖ «ንዳው! ንዳው!» ትለኛለች። ከዛፎቹ አጠገብ ወፎቹ ብር ብለው ተነሡ። እኔ ሳላስተውል ከፊታችን ያለው ጭቃ አለቀና ሳፋው ውሃ ላይ ተንሳፈፈ። ያን ጊዜ ጩኸቷ ቆመ። ሸሚዜን ከኋላ በሁለት እጇ ጨመደደችው።

«ባሕር ነው?»

«ባሕር ነው። ልመልሰው?»

ጎማዎቹ ውሃውን ቀስ እያሉ ይቀዝፋሉ።

«እስከዚያ ዛፍ ድረስ ብቻ» አለችኝ።

እስከዚያ ዛፍ ሄደን ተመለስን። መግሪብ ሲደርስ ሙሴ ባሕሩ ዳር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ጎማዎቹን ዞሮ አየና «ነገ የፋብሪካውን እንሞክራለን፤ አስተንፍሰህ» አለኝ። ጥቂት ራመድ ብሎ ዞረ። «ልብስህን ይዘህ ና።»

ቅዳሜ ማለዳ የፋብሪካውን ጎማዎች አስተንፍሰን ሞከርን። ፍርዱ ይኸው፦ እነሱ ጭቃው ላይ እንደ ዳክዬ ይንሸራሸራሉ፣ መቀመጫም አያምም፤ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ግን ጭቃው በጥርሶቹ መሃል ይጠቀጠቅና መላጣ ይሆናሉ፣ ውሃ ላይም ሰነፎች ናቸው። ትልልቆቹ ደረቅ መሬት ላይ ኩላሊት ያወርዳሉ፣ ቆመህ ነዳጅ ከሰጠህም ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ግን ጭቃውን አራግፈው ይጥላሉ፣ በውሃም ጎበዝ ቀዛፊዎች ናቸው። ቀላቅለን እንሰር ያለኝ ሰው ነበር። ቁመታቸው ስለሚለያይ ስምንቱ እኩል አይዞሩም፣ ሰንሰለቱን ይበጥሱታል። ሙሴ ትልልቆቹን መረጠ፤ እሑድ የመጣውንም ገዢ ቡና አጠጥቶ ሸኘው።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ግን እኔ አዲሷ ክፍሌ ጓሮ ተቀምጬ ቸርኬ እያጠብኩ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ድስት ተንኳኳ። ቀና ስል ጭንቅላቷ ከግድግዳው በላይ ብቅ አለ፤ ባልዲ ገልብጣ ላዩ ላይ ቆማለች። ግማሽ ባጌት ዳቦ ዘረጋችልኝ። ውስጡ የተቀቀለ እንቁላል ነበር።

«ብላ» አለች። «እመቤቴ ሳትጠራኝ።»

ጎረስኩ። አገጯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ አንድ አዲስ ሰው እንደምታይ ሆና ቁልቁል አየችኝ።

«ለካ ቅዳሜ ፊትህ እንዲህ ነው» አለችኝ።