የሀብት ሰጪው ሌላ ስም

መጀመሪያ አንድ ነገር ተረዱልኝ። የጥንት ግሪኮችና የሮማውያን አማልክት ስማቸው ብቻ ተቀይሮ የተገለበጡ አይደሉም። የግሪኮቹ አሬስ ደም የጠማው፣ የራሱ ወገኖች እንኳ የሚጠሉት የጦርነት አምላክ ነው፤ ሮማውያን ግን ማርስን እንደ አባታቸው ያከብሩት ነበር። የሙታን ጌታ ላይ ስንደርስ ግን ሁለቱም ይገናኛሉ። ግሪኮች ሃዴስ የሚለውን ስም መጥራት ስለሚፈሩ «ፕሉቶን» ይሉት ነበር፤ ባለጸጋው ማለት ነው። ሮማውያንም ስሙን ወስደው ፕሉቶ አሉት።

ይህን ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ማንንም ጎድቶ አያውቅም... እስከ ረቡዕ ድረስ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤቴ ተንኳኳ። የድሮ ተማሪዬ ናት። ሰናይት ልበላት፤ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ ትሰፋለች፤ የሰባት ዓመት ሴት ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው።

«ቲቸር፣ ምንም አላረጁም እኮ!»

«አንቺም ያው ነሽ፤ ዛሬም አርፍደሽ መጣሽ።»

ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

«አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ፕሉቶ የሚባለው የሮማውያን የሀብት አምላክ ነው አይደል?»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለምን እንደፈለገችው እንኳ ሳልጠይቃት ወረቀት አውጥቼ ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ ግሪክ፣ በቀኝ ሮም። ዜውስና ጁፒተር፣ ሄራና ጁኖ... እያልኩ ሃዴስ ላይ ደረስኩ። እህሉም ማዕድኑም ከመሬት ሥር ስለሚወጣ ነው ባለጸጋ የተባለው አልኳት። ከዚያ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው፣

«በይ አሁን በራስሽ አነጋገር መልሰሽ ንገሪኝ» አልኩ።

«ሀብት የሚሰጠውና... ሙታንን የሚገዛው... አንድ ነው።»

«ጎበዝ!»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ስልኳን አቀበለችኝ። «የባለጸጋው ቤተሰብ» የሚል ግሩፕ ከፍታለች። ባለጸጋው ፕሉቶ ነው ይላሉ፤ የለመኑትን ሁሉ ይሰጣል። ለመግባት የሚጠይቁት ገንዘብ አይደለም... የክርስትና ስም ነው። የራስንም፣ የልጅንም።

የክርስትና ስም ለማንም እንደማይሰጥ ታውቃላችሁ። እናቴ የእኔን ጎረቤት ፊት ጠርታው አታውቅም።

«ሰጠሻቸው?»

«የእኔንም የእሷንም። ሀብት ነው ያሉኝ ቲቸር! ሞት መቼ አሉኝ?»

«ስሚኝ ልጄ፣ እነዚህ አማልክት የሉም። ታሪክ ናቸው። ሰዎቹ አጭበርባሪዎች ናቸው።»

«አሁን ነው የሉም የሚሉኝ? አንድ ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ትናንት ጠዋት ደወለች። ባለጸጋው የሙታን ጌታ እንደሆነ ጠይቃቸዋለች። አልካዱም። እንዲያውም ፍርሃቷን ሲያዩ አዲስ ነገር ጨመሩባት፦ የልጅቷ ስም ለሙታን ጌታ ተነቧል፤ ለማስመለስ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷን ራሷን ይዛ መምጣት አለባት። ተክለ ሃይማኖት ስትደርስ መኪና ይወስዳታል።

«እንዳትሄጂ! ሰናይት፣ በእግዚአብሔር...»

«ስሟ እነሱ ጋ ነው ያለው ቲቸር።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አይሠራም። ጠመንጃ ያዥ ሄጄ ነበር፤ ሱቋ ተቆልፏል። ጎረቤቶቿ ከልጇ ጋር ሻንጣ ይዛ ስትወጣ አይተዋታል፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ፖሊስ ጣቢያም አመለከትኩ። የተጠራችበትን ቤት አድራሻ ጠየቁኝ። የለኝም።

አንድ እናት ሀብት ፍለጋ ብትታለል አንድ ቀን ትነቃለች። በፍርሃት ግን ልጇን በገዛ እጇ ይዛ ትሄዳለች። ያን ፍርሃት ለአጭበርባሪዎቹ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ፤ ለምን ጠየቅሽኝ ብዬ ሳልጠይቅ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ከዚህ ግሩፕ ጥሪ ደርሷችሁ የሄዳችሁ፣ መኪናው የት እንደሚያደርስ የምታውቁ ካላችሁ... ስማችሁን አልፈልግም፤ ቤቱን ብቻ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ጻፉልኝ።